ሚኒባሱ ሳይነሳ የተገመገመው የእንጦጦ ጉብኝት

የወሰንና አካባቢው የአስጎብኚዎች ማኅበር
የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ነሐሴ 26 ቀን 1999 ዓ.ም.
ቦታ፦ የካ ክፍለ ከተማ፣ ወሰን፣ ከአቶ ገረሱ ጋራዥ ጀርባ ያለው የጎማ ክፍል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡30 (የተጠራው ለ2፡00 ነበር)

የተገኙ፦
1. አቶ ተክለጻድቅ፣ ሰብሳቢ (ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም)
2. አቶ ገረሱ፣ ምክትል ሰብሳቢ (የጋራዡ ባለቤት)
3. ወ/ሮ ፈትለወርቅ፣ የመስተንግዶ ኃላፊ (ባለሱቅ)
4. አቶ ሬድዋን፣ የንብረት ኃላፊ (ነጋዴ)
5. አቶ ጉደታ፣ የትራንስፖርት ኃላፊ (የማኅበሩ ብቸኛ ሚኒባስ ሾፌር)
6. ወ/ት ሰዓዲያ፣ ጸሐፊ (የማኅበሩ ብቸኛ አስጎብኚም ናት፤ ጽሕፈቷ ስለሚነበብ ጸሐፊ የተደረገችው ሳትጠየቅ ነው)

ያልተገኙ፦
አቶ ወልደ ኢየሱስ፣ ለቅሶ ላይ ስለሆኑ።
ወ/ሮ ሰርክ፣ በፈቃድ።
አቶ ኢቲቻ፣ ባለፈው ስብሰባ ሐሳባቸው ውድቅ በመደረጉ አኩርፈው። አቶ ኢቲቻ በአካል ከበሩ ውጭ፣ በተጋደመ ጎማ ላይ ተቀምጠው የሚታዩ ሲሆን፣ ስማቸው ሲጠራ "አልመጣሁም!" ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለመለሱ ያልተገኙ ተብለው ተመዝግበዋል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ስብሰባ የሚካሄደው ከአባላቱ ግማሽ ሲደመር አንድ ሲገኝ ነው። አባላቱ ዘጠኝ ናቸው። አቶ ተክለጻድቅ በወረቀት ላይ አስልተው የሚያስፈልገው አምስት ሰው ተኩል መሆኑን ገለጹ። አቶ ገረሱ ግማሹ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ እንደሚገኝ ቢጠቁሙም፣ ከውጭ "እሰማለሁ ገረሱ!" የሚል ድምፅ በመምጣቱ ሐሳባቸውን ትተዋል። ቁጥሩ ወደ ስድስት ከፍ እንዲል ተወሰነ።

በዚህ ጊዜ በክፍሉ የነበሩት አምስት ሰዎች ናቸው። አቶ ጉደታ የመውጫ ወረቀት ለማስፈረም ብቻ ብቅ ሲሉ ስድስተኛ ሰው ሆነው ተገኙ። ሰብሳቢው "እንኳን መጣህ፣ አረፍ በል" አሏቸው። አቶ ጉደታ እንግዶች መኪና ውስጥ እንዳሉና ሞተሩም እንደተነሳ አስረዱ። ሰብሳቢው እንግዶቹ ለዚሁ ስብሰባ ምክንያት ስለሆኑ ስብሰባውን ሊያደናቅፉ እንደማይገባ አሳሰቡ። አቶ ጉደታ ተቀመጡ፣ ሞተሩም ውጭ ማንኮራኮሩን ቀጠለ።

ስለ እንግዶቹ፦ ከወላይታ ሶዶ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የመጡ አሥራ አንድ ጡረተኛ መምህራን ናቸው። ጉባኤው ትናንት አልቋል፣ ነገ ንጋት ላይ አውቶቡሳቸው ይነሳል። አዲስ አበባን የሚያዩበት ቀን ዛሬ ብቻ ነው። በክረምት ከእንጦጦ ላይ ከተማው የሚታየው እስከ ረፋዱ ድረስ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ዳመናው ወርዶ የራስን ጫማ ማየት እንደሚቸግር ጸሐፊዋ አስቀድማ አስመዝግባለች። ሰብሳቢው "ይያዝልሽ" ብለዋል። ስለዚህ ተይዟል።

አጀንዳ 1፦ የዕለቱን የጉብኝት መስመር ስለማጽደቅ

ጸሐፊዋ መስመሩ አጭር መሆኑን፣ ይኸውም ከወሰን በመገናኛ፣ በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ ማርያም መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር አቀረበች። ሰብሳቢው ይህን ያህል አጭር ነገር ማጽደቅ ለኮሚቴው ክብር እንደማይመጥን ገልጸው ቤቱን ለውይይት ክፍት አደረጉ።

አቶ ገረሱ እንጦጦ እንደሆነ የትም እንደማይሄድ አስታውሰው፣ በጊቢያቸው ቆሞ የሚገኘው አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ግን ማንም ሳያየው ዝጎ እያለቀ መሆኑን በሐዘን ገለጹ። አንዲት ዶሮ በሞተሩ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መፈልፈሏም እንደ ተፈጥሮ መስሕብ እንዲታይ ጠየቁ። ወ/ሮ ፈትለወርቅ "ወይ ጉድ! ሰው ከሶዶ ድረስ ዶሮ ሊያይ ይመጣል?" በማለት ተቃወሙ። ቀጥለውም በሱቃቸው ውስጥ ያለው ባለክብ ቁጥር ስልክ ለወሰን ሰፈር የመጀመሪያው በመሆኑ፣ መጎብኘት ካለበት እሱ መጎብኘት እንዳለበት አሳሰቡ። ይሠራል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ የሚሠራ ነገር ቅርስ እንደማይባል መልሰዋል።

አቶ ሬድዋን በበኩላቸው እንግዶቹ ገበያ መካከል እንዳይጠፉ በመጋዘናቸው ያለውን ቢጫ የዝናብ ልብስ ሁሉም እንዲለብሱ ሐሳብ አቀረቡ። ናሙናው ሲቀርብ ልብሱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ልክ ሆኖ ተገኘ። አቶ ሬድዋን የላኩላቸው ሰዎች መሳሳታቸውን አምነው፣ ነገር ግን ቢጫነቱ ሙሉ መሆኑን ተናገሩ።

3፡10 ሲሆን የእንግዶቹ ተወካይ መምህርት አስቴር በሩን አንኳኩተው፣ ጉዞው በቶሎ ይጀመር እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። ሰብሳቢው "እናንተን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ነን" ብለው አሰናበቷቸው። መምህርት አስቴር አመስግነው ወጡ። እኔ ብሆን አላመሰግንም ነበር፣ ግን ይህ አስተያየት እንጂ ውሳኔ አይደለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።
ውሳኔ ቁጥር 1፦ እንግዶች በቅደም ተከተል ኤንትሬውን (ከነዶሮዋ)፣ ስልኩን፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ እንጦጦን እንዲጎበኙ።
ውሳኔ ቁጥር 2፦ የዝናብ ልብሱ ትከሻ ላይ ጣል እንዲደረግ።
ውሳኔ ቁጥር 3፦ የመውጫ ወረቀቱ የሚፈረመው ስብሰባው ሲያልቅ እንዲሆን።

አጀንዳ 2፦ ከእንጦጦ ላይ ቁልቁል ምን ይታያል?

አቶ ገረሱ አስጎብኚዋ ከተራራው ጫፍ ሆና ወደ ወሰን አቅጣጫ በጣቷ እንድታሳይና ጋራዣቸውን ዘንድሮ ያስለበሱትን አረንጓዴ ቆርቆሮ በስም እንድትጠራ ጠየቁ። ጸሐፊዋ፣ እንደ አስጎብኚ ስትናገር፣ ወሰን ከእንጦጦ ማርያም በሸንተረር የተጋረደ መሆኑንና በመካከሉ የባሕር ዛፍ ጫካ እንዳለ አስረዳች። አቶ ገረሱ ጫካው ውስጥ ማን እንዳስገባት ጠየቁ። ጸሐፊዋ ዲፕሎማዋን ያገኘችው ይህንኑ አጥንታ መሆኑን ተናገረች። አቶ ገረሱ ዲፕሎማ ቆርቆሮ ሊጋርድ እንደማይችል አስገነዘቡ።

ነገሩ እየከረረ በመሄዱ ሰብሳቢው በብሎን መፍቻ ቸርኬ መትተው ጸጥታ አስከበሩ። ቸርኬው ሲመታ ከውጭ አቶ ኢቲቻ "ምን ተወሰነ?" ብለው ጠይቀዋል። አልመጡም ስለተባለ መልስ አልተሰጣቸውም።

ውሳኔ ቁጥር 4፦ ቆርቆሮው ባይታይም እንደታየ እንዲቆጠር፣ እንግዶችም "አዎ አየነው" እንዲሉ በትሕትና እንዲነገራቸው።

4፡00 ላይ መምህርት አስቴር ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። አሁን በትራቸውን ይዘው ነበር፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሚኒባስ ውስጥ ታጥፎ መቀመጥ ከብዷቸዋል። ለሠላሳ አራት ዓመት የጂኦግራፊ መምህርት ሆነው በየዓመቱ እንጦጦን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ መኖራቸውን፣ አንድም ቀን ግን በዓይናቸው አይተውት እንደማያውቁ ነገሩን። "ልጆቼ፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ እንዳልል ጉልበቴ እሺ አይለኝም፣ ሰማዩም ወዲያ በኩል መጥቆር ጀምሯል" አሉ። ወ/ሮ ፈትለወርቅ "አይዞዎት እትዬ" አሉ። አቶ ጉደታ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ሰብሳቢው "ጉደታ! ምልዓተ ጉባኤው!" ብለው በመጮኻቸው አቶ ጉደታ ተመልሰው ተቀመጡ። መምህርት አስቴር ምልዓተ ጉባኤ የሚባለው ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ካለባቸው ውጭ ሆነው እንደሚጠብቁት ተናግረው ወጡ።

አጀንዳ 3፦ የዕለቱ ጉብኝት አፈጻጸም ግምገማ

ሰብሳቢው የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት ለበላይ አካል መግባት እንዳለበት አስታወቁ። ቅጹ ላይ "የጉብኝቱ ውጤት በመቶኛ" የሚል ክፍት ቦታ አለ። ጉብኝቱ ስላልተካሄደ ክፍቱን መሙላት እንደማይቻል ጸሐፊዋ ገለጸች። ሰብሳቢው በሠላሳ ስምንት ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራቸው ክፍት የገባ ቅጽ በእጃቸው አልፎ እንደማያውቅ፣ ዛሬም እንደማያልፍ በቁጣ ተናገሩ። ስለዚህ ጉብኝቱ ከመካሄዱ በፊት እንዲገመገም ሆነ።

በደንቡ መሠረት ግምገማው በግለ ሂስ ተጀመረ። ወ/ሮ ፈትለወርቅ ለኮሚቴው ከመጠን በላይ መልፋት ድክመታቸው መሆኑን በድፍረት አጋለጡ። አቶ ሬድዋን ቅንነታቸው አንዳንድ ጊዜ እንደሚጎዳቸው አመኑ። አቶ ገረሱ ድክመታቸውን ቢፈልጉም እንዳጡት ገልጸው፣ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁማቸው ጠየቁ። አራት እጅ ስለወጣ ጥያቄያቸውን መልሰው ወስደዋል።

አቶ ጉደታ ተራቸው ሲደርስ የተደረገው ንግግር እንዳለ ሰፍሯል።

ሰብሳቢ፦ "ጉብኝቱ ለምን እስከ አሁን አልተነሳም?"
አቶ ጉደታ፦ "እዚህ ስለተቀመጥኩ።"
ሰብሳቢ፦ "ማን አስቀመጠህ?"
አቶ ጉደታ፦ "እርስዎ።"
ሰብሳቢ፦ "ምክንያት መደርደር! ልጄ ሰዓዲያ፣ ጻፊው።"

ተጽፏል። ለአቶ ጉደታ ሲ ተሰጣቸው፣ ለቀሩት አባላት ኤ። ለጸሐፊዋ ፊቷን በማጥቆሯ ቢ ተሰጥቷታል።

ጠቅላላ ውጤቱ ሲሠራ ለዝግጅት ከሃያ አሥራ ዘጠኝ፣ ለአፈጻጸም ከአርባ ሠላሳ ስድስት፣ ለእንግዶች እርካታ ከአርባ ሠላሳ ስምንት ተመዘገበ። ከእርካታው ሁለት ነጥብ የተቀነሰው አንዲት እንግዳ ሁለት ጊዜ በር በማንኳኳታቸው ነው። ድምሩ ዘጠና ሦስት በመቶ በመሆኑ አባላቱ እርስ በርስ በጭብጨባ ተመሰጋገኑ።

ጭብጨባው ሳያበቃ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ሲያንኮራኩር የነበረው የሚኒባሱ ሞተር ጸጥ አለ። ባትሪው የደከመ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከጠፋ ያለ ግፊ አይነሳም። አቶ ጉደታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ገረሱ ያንን ባትሪ የሞሉት እሳቸው መሆናቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው ካዱ።

አቶ ጉደታ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሱ። ሰብሳቢው ነገሩን በማያዳግም መንገድ ለመቋጨት የሚከተለውን ሐሳብ አቅርበው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች፣ ያውም ከሁሉም ቀድማ።

ውሳኔ ቁጥር 5፦ ከስድስቱ አባላት አንድም ሰው ስብሰባው ሳይዘጋ ከወጣ፣ ምልዓተ ጉባኤው ስለሚጓደል በዕለቱ የተወሰነው ሁሉ ከመጀመሪያው እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር።

ጸሐፊዋ ውሳኔውን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበች። ሰብሳቢው እንዲፈርሙበት ጠየቀች፣ ፈረሙ። ማኅተም እንዲያደርጉበት ጠየቀች፣ በደስታ አደረጉ። "ጎሽ ልጄ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው" ብለዋታል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

4፡50 ላይ መምህርት አስቴር ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አላንኳኩም። በሩን ገፋ አድርገው ቆሙና "እንግዲህ ልሰናበታችሁ ነው የመጣሁት። ዳመናው ወርዷል ይላሉ ሰውዬው" አሉ፣ አቶ ኢቲቻን ማለታቸው ነው። "እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ብዙ ደክማችሁልናል።" የተናገሩት ከልባቸው ነበር፣ ሽሙጥ የለበትም። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ከዚህ በኋላ ጸሐፊዋ እያልኩ መጻፍ አልቻልኩም። ሦስት ዓመት አስጎብኚ ተብዬ አንድም ሰው አስጎብኝቼ አላውቅም። በየሳምንቱ ስለ ጉብኝት ስብሰባ እጽፋለሁ። ብቻዬን እንጦጦ ወጥቼ ለባሕር ዛፎቹ ታሪክ የተናገርኩባቸውን ቀናት አላህ ያውቃል። መዝገቡን ብብቴ ስር አድርጌ ተነሳሁ።

ሰብሳቢው "ወዴት?" አሉ። "እንጦጦ" አልኳቸው። "ከወጣሽ እኮ ሁሉም ነገር ይፈርሳል! ዘጠና ሦስቱ! ኤንትሬው!" አሉ። አዎ፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ፣ አልኳቸው። "መውጫው አልተፈረመም" ሲሉ፣ የመውጫውን ፊርማ ወደ ኋላ ያስተላለፈው ውሳኔ ቁጥር 3 እሱም እንደፈረሰ አስታወስኳቸው። አቶ ተክለጻድቅ የመዝገብ ሰው ናቸውና ማኅተም ያለበትን ነገር መካድ አልሆነላቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ከዚያ ብዕራቸውን አውጥተው መውጫውን ፈረሙ።

ጉደታ በሩ ጋ የደረሰው ከእኔ በፊት ነው።

ሚኒባሱ መገፋት ነበረበት። አሥራ አንዱ ጡረተኞች ሊወርዱ ሲሉ "ኧረ ተዉ፣ በሞቴ!" ተብለው ተከለከሉ። እኔና አቶ ገረሱ ከኋላ፣ ወ/ሮ ፈትለወርቅና አቶ ሬድዋን ከጎን፣ ሰብሳቢው ደግሞ የብሎን መፍቻውን እንደያዙ ከኋላ ገፋን። አቶ ኢቲቻም ከጎማቸው ተነስተው ገፉ። ለመዝገቡ ያህል፣ በዚያች ደቂቃ ሰባት የኮሚቴ አባላት በአንድ ቦታ ስለነበሩ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶና ተርፎ ነበር፣ ነገር ግን ማንም አጀንዳ አላስያዘም። ሦስተኛው ግፊ ላይ ሞተሩ ተነሳ። አቶ ሬድዋን የዝናብ ልብሶቹን በመስኮት ወረወሩልን። አቶ ገረሱ እየሮጡ "አረንጓዴ ነው! አረንጓዴ!" ይሉ ነበር።

የሚቀጥለው የተጻፈው ጋቢና ውስጥ ስለሆነ ለጽሕፈቱ መጣመም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንጦጦ ማርያም ደጅ የደረስነው 6፡05 ነው። ዳመና። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳመና። ያፈርኩት ማፈር አይነገርም። መምህርት አስቴርን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰድኳቸው፣ ያጠናሁትን ሁሉ በዚያ ነጭ ነገር ላይ እየጠቆምኩ ተናገርኩ፦ እዚያ መርካቶ ነው፣ እዚያ ቦሌ ነው። መምህራኑ ካፊያው ሲጀምር ትንንሾቹን ቢጫ ልብሶች ጭንቅላታቸው ላይ አጥልቀው፣ የማይታየውን ሁሉ በየተራ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉኝ።

ከዚያ ንፋስ መጣ። የነፈሰው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ዳመናው ከሥር ተገለጠና ከተማው፣ ቆርቆሮው፣ አስፋልቱ፣ ከወዲያ ጋራው ድረስ ቁልጭ ብሎ ታየ። መምህርት አስቴር ግን ከተማውን ትተው ዞረው ተራራውን ያያሉ፣ ወዲያ ይመለከታሉ፣ ወዲህ ይመለከታሉ።

"ልጄ፣ ጫፉ የት ነው?" አሉኝ።

"ጫፍ የለውም እማማ። እንዲህ ረዝሞ የተኛ ነው፣ ቆመንበታል" አልኳቸው።

"አይ እኔ!" አሉ። "ሠላሳ አራት ዓመት እንደ ጎጆ ክዳን አሹዬ ነው የሳልኩት። የተማሪዎቼ ደብተር ሁሉ ስሕተት ነው ማለት ነው!" ሳቁ፣ ሳቃቸው መሐል ደግሞ አለቀሱ። ከቦርሳቸው ቁራጭ ጠመኔ አወጡና በሚኒባሱ በር ላይ የተራራውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሳሉት፣ ሳይሾል፣ እንደተኛ። ጉደታ በሩን እንዳንነካው ከልክሎን በሾፌሩ በኩል ተራ በተራ ተሻግረን ገባን። ጉልበታቸው የሚያማቸውም አላጉረመረሙም።

ቅጹ በጥድፊያ ሳይገባ ኪሴ ውስጥ ስለቀረ የእንግዶች እርካታ ከአርባ ስንት ይሰጡናል ብዬ መምህርት አስቴርን ጠየቅኳቸው። እንደ መምህር አሰቡበት። "ሠላሳ ስምንት" አሉ። "ጫፍ ስለሌለው ሁለት ቀንሻለሁ።" ይህ አንቀጽ ለአቶ ተክለጻድቅ ሲነበብ ይዘለላል።

የመዝጊያ ውሳኔ፦ በውሳኔ ቁጥር 5 መሠረት ከቁጥር 1 እስከ 5 ያሉት ውሳኔዎች፣ ግምገማው፣ ኤው፣ ቢውና የጉደታ ሲ ጭምር ፈርሰዋል። ኮሚቴው በዛሬው ዕለት ምንም አልወሰነም። ቅጹ ላይ "የተጎበኙ ሥፍራዎች" በሚለው ክፍት ቦታ "አንድ" ተብሎ ተሞልቷል፣ የሰዓዲያ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ስብሰባው 6፡40 ላይ ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ቁልቁል ሲወርድ ተበትኗል። ከመበተኑ በፊት ስም ተጠርቶ፣ ከኋላ ወንበር በትርፍነት ተቀምጠው፣ ቢጫ ኮፍያ አጥልቀው፣ ከተማውን በመስኮት ሲያዩ የነበሩት አቶ ኢቲቻ "አልመጣሁም!" ብለዋል።